ከአጥሬ ሥር

ማመልከቻ መጻፍ ይሆንልኛል። በሰፈራችን የመብራት ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ የውኃ መስመር ሲሰበር፣ ለእድሩ ድንኳንና ወንበር ማስቀመጫ ሲታጣ፣ ከጎረቤቶቼ አንዱ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ደጄን ማንኳኳቱ የተለመደ ነው። እኔም መነጽሬን አድርጌ «ጉዳዩ፦» ብዬ እጀምራለሁ። ከጻፍኋቸው ሁሉ የአንዱን ግልባጭ ብቻ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ቀኑ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩም «በአካባቢያችን የተፈጠረውን መጥፎ ሽታና ደንብ የጣሰ የጎዳና ላይ ንግድ ስለማስወገድ» ይላል። ዛሬም ሳነበው ቃሉ ያምራል፤ የሚያሳፍረኝም ማማሩ ነው።

የዚያን ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ ያሳለፈ ሰው አይረሳውም። ከተማይቱ ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ቆሻሻዋን የደፋችበት፣ ሕዝቡ «ቆሼ» የሚለው የረጲው ሥፍራ ከአቅሙ በላይ በመሙላቱ፣ በሰንዳፋ በኩል አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በዚያው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ የውኃቸውን መበከልና የከብቶቻቸውን መታመም እየጠቀሱ ተቃወሙ፤ የቆሻሻ መኪኖችም ወደዚያ መሄድ አቆሙ። ይህ የሆነው ክረምቱ በገባበት ወራት ነው። የአንድ ዋና ከተማ ጉድፍ መሄጃ አጥቶ በየሰፈሩ ቀረ።

ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡልን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ክፍያቸው ይታሰብ የነበረው ገንዳው ዘንድ ባደረሱት ቆሻሻ መጠን፣ በሜትር ኪዩብ ነው፤ እኛ የምንከፍለው ደግሞ ከውኃ ሂሳባችን ጋር ተደምሮ ነበር። (ስንቶቻችን ደረሰኙን ገልጠን አይተነው እንደምናውቅ እግዜር ይወቀው።) ገንዳው ካልተነሣ ማድረሻ የለም፤ ማድረሻ ከሌለ ክፍያ የለም። ስለዚህ ልጆቹ ጋሪያቸውን አቆሙ። በማዳበሪያ የታሰረው ቆሻሻ በገንዳው ዙሪያ ተቆለለ፤ ዝናቡ መታው፣ ውሻ ቀደደው፣ ፌስታሉን ጎርፍ እየጠረገ ወደ ቦዩ አስገባው። ቤታችን ከቀበና ወንዝ ብዙ የማይርቅ፣ ቁልቁለት ላይ ያለ ነውና ከላይ የመጣ ሁሉ በደጃችን ያልፋል።

ገንዳው ግን ከእኛ በር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል። በደጃፋችን ላይ የሰፈረው ሽታ ደግሞ የቅርብ ሽታ ነበር፤ ቡና ሲፈላ እንኳ የማይሸነፍ። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምንል ጠፋን። ሰው ሽታ ሲያስጨንቀው ዐይኑ ምክንያት ይፈልጋል፤ የኛም ዐይን ምክንያት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ከአጥሬ ሥር፣ ቦዩ በድንጋይ በተሸፈነበት ቦታ ላይ፣ አራት የጉሊት ሴቶች ሸራቸውን ዘርግተው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን በመደብ በመደብ ይሸጡ ነበር። የተጣለ የጎመን ቅጠል ነበረ፤ የላሸቀ ቲማቲም ነበረ፤ ዝንብም ነበረ። ማስረጃው በቂ ሆነ። ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ፣ እኔም ብዕሬን አነሣሁ።

በማመልከቻው ውስጥ «ሕገወጥ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ሕፃናት ጤና፣ ስለ እግረኛ መንገድ መዘጋት፣ «ከአፍሪካ መዲና ክብር ጋር ስለማይሄድ ገጽታ» ጽፌአለሁ። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀብሎ ማኅተም መታበት።

በመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ትራንስፎርመር ለማስቀየር የጻፍሁት ደብዳቤ ሰባት ወር ፈጅቷል። ይህኛው ግን በአራተኛው ቀን ተፈጸመ። ዩኒፎርም የለበሱ ደንብ አስከባሪዎች በፒክአፕ መኪና መጡ። ሦስቱ ሴቶች ሸራቸውን በአራት ማዕዘኑ ሰብስበው ሮጡ። አራተኛዋ፣ በዕድሜ የምትበልጣቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላት ሴት፣ ጉልበቷ የሚያስሮጥ አልነበረም። ሁለት ጆንያ ሽንኩርቷን፣ ሳፋዋንና የምትቀመጥባትን በርጩማ ሳይቀር ጫኑባት። አልጮኸችም፤ አልለመነችም። መኪናው ሲነሣ ግን ዞራ በሬን አየችው። እኔ በመስኮት ነበርሁ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ልናገርና፣ ደስታ ነበር። ትንሽ ደስታ፤ መንግሥት ደብዳቤዬን አነበበው የሚል።

ሽታው አልሄደም።

አንድ ሳምንት «ገና መሬቱ አልደረቀም» አልን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዝናቡን ሰበብ አደረግን። መስከረም ሲብት ቦዩ ሞልቶ ውኃው መንገዱ ላይ ወጣና የሰፈሩ ወጣቶች አካፋ ይዘው ለማስለቀቅ መጡ። ከጉሊቷ ሴት መቀመጫ ሥር የነበረውን ትልቅ ድንጋይ ሲያነሡ፣ በአሸዋ የተሞሉ ሦስት ማዳበሪያዎች ተገኙ፤ ሆን ተብሎ ተደርድረው የተጠቀጠቁ። ማዳበሪያዎቹን ሲያወጡ የፕላስቲክ ቱቦ አፍ ታየ። ከአፉ የሚወጣው ምን እንደሆነ ልገልጸው አልፈልግም። አካፋ ከያዙት አንዱ ቀና ብሎ አየኝና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከእርስዎ ግቢ ነው የሚመጣው» አለኝ።

መጀመሪያ ካድሁ። «እንዴት ሆኖ!» አልሁ። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ፤ ትዝ እንዳይለኝ እየፈለግሁ ትዝ አለኝ። በ1996 ዓ.ም. ለማከራየት ብዬ በግቢዬ ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ሠርቼ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛው የፍሳሹን መስመር ሲዘረጋ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር ወይስ ወደ ውጭው ቦይ ላውጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉድጓዱ ስንት እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔም፣ «ለጊዜው ወደ ቦዩ አድርገው፤ በኋላ እናስተካክለዋለን» አልሁት። ያ «በኋላ» አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ የመታጠቢያና የኩሽና ውኃ ብቻ ነበር፤ ተከራዮቹ ሲበዙ የነባሩ ሽንት ቤት ጉድጓድ ትርፍም በዚያው ቱቦ መውጣት ጀመረ። ክፉ ሰው ስለሆንሁ አይደለም ያደረግሁት። ርካሽ ስለነበረና ከአጥር ውጭ ያለው የማንም ስላልመሰለኝ ነው።

ሕግ አልነበረም እንዳልል ሕግ ነበረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ደረቅም ሆነ ፈሳሽ ቆሻሻን አካባቢ በሚበክል መንገድ ማስወገድን ከልክሎ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የደረቅ ቆሻሻ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 513 ወጣ። በወረቀት ላይ እኔና ጉሊቷ ሴት እኩል ነበርን፤ እንዲያውም ጥፋታችን ቢመዘን የእኔው ሚዛን ይደፋል። ልዩነታችን ሌላ ነው። የእርሷ ጥፋት ፀሐይ ላይ የተዘረጋ፣ በአንድ ፒክአፕ የሚጫን ነበር። የእኔው መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ፣ ካርታና ፕላን ባለው ቤት ሥር ያለ ነው። ደንብ አስከባሪው የሚሠራው በቀን ነው፤ የጉድጓድ ክዳን የሚከፈተው ደግሞ በሌሊት፣ ዶፍ ሲጥል፣ ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ እንዲወስድ ነው። ይህን ዘዴ በከተማችን የማያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ የሚታየውንና እጁ የሚደርስበትን እንዲያስወግድ ተላከ፣ አስወገደ። የላክሁት እኔ ነኝ።

በእርግጥ የከተማው የፍሳሽ መስመር ለብዙ ዘመን ያዳረሰው ጥቂቱን ሰፈር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ መምጠጫ መኪና እየጠበቀ የሚኖር ነው። መኪናውም በተፈለገበት ቀን አይገኝም፣ ጠባብ መንገድም አያስገባውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ወረፋ ጠብቄ ስላጣሁ አልነበረም፤ ከነጭራሹ ጠርቼው አላውቅም።

በጥቅምት ወር ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ያቀረብሁትን አቤቱታ ስለማረም» አልሁት። የሽታው ምንጭ የእኔው ግቢ መሆኑን፣ ተገቢውን ቅጣት ለመክፈል ዝግጁ መሆኔን፣ የተወረሰባት ንብረት ለሴትዮዋ እንዲመለስላት ገልጬ ወረዳው ዘንድ ቀረብሁ። ደብዳቤ ተቀባይዋ ወጣት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ በራስዎ ላይ ነው» አለችኝ። አዎ አልኋት። «ታዲያ ከሳሽ የሚለው ላይ ማንን ልጻፍ?» ከልቧ ግራ ገብቷት ነበር። በመጨረሻ ማኅተም መትታ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጠችው። ለመጀመሪያው ማመልከቻ በአራት ቀን መልስ ያገኘሁት ሰው ለሁለተኛው እስከ ዛሬ መልስ አልመጣልኝም። ሽንኩርቱን ስጠይቅ «የሚበላሽ ዕቃ አይቀመጥም» ተባልሁ።

ጉድጓዱን አስቆፈርሁ። ቱቦውን አስነቀልሁ። የወጣውን ወጪ አልጽፈውም፤ በ1996 ዓ.ም. ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በቀለለኝ የሚለው ብቻ ያስቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ቦዩን በዐይኔ መከተል ለመድሁ። ቦያችን ወደ ቀበና ይገባል፤ ቀበና ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም አዋሽ ነው። በመንገዱ ላይ፣ በአቃቂ ዙሪያ፣ ገበሬዎች በዚሁ ወንዝ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ያለማሉ፤ ምርቱም ለከተማው ገበያ ይቀርባል። እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ከአጥሬ ሥር የወጣው ውኃ ወንዙን ይዞ ወርዶ፣ ጎመን ሆኖ፣ በአህያና በአይሱዙ ተመልሶ መጥቶ፣ እዚያው አጥሬ ሥር በመደብ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። እኔም የከሰስሁት ቅጠሉን ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የሞተ ከብትና ጥንብ የሚያነሣው ሌሊት ከጫካ የሚወርድ ጅብ እንደነበር የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። ጅቡ ቢቀንስም አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠ፤ በጨለማ የሚወስድልን አንድ ነገር እንፈልጋለን። ዛሬ ወንዙ ነው።

ደረቁን ቆሻሻ የሚወስድልን ደግሞ ሌላ ነው። ሰንዳፋ ከተዘጋ በኋላ መኪኖቹ ተመልሰው ወደ ቆሼ መድፋት ጀመሩ። የኛም ገንዳ ተነሣ፤ ተደሰትን፣ ቁልሉ ከነሽታው ከዐይናችን ራቀ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥኑን ከፍቼ አፈሩ በኤክስካቫተር ሲገለጥ ሳይ፣ ከአፈሩ ውስጥ የሚወጣው ፌስታል ሁሉ የማውቀው መሰለኝ። ክምሩ የአምሳ ዓመት ክምር ነው፤ የኔ ድርሻ ከጢንጥም ያነሰ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ ሐሳቡ አልጨበጥ አለኝ።

በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ኪጋሊ ሄጄ ነበር። ይህ መጽሔት በሚነበብባቸው ከተሞች ሁሉ፣ በናይሮቢም በካምፓላም፣ ስለ ጽዳት ሲነሣ ኪጋሊን የማይጠቅስ ሰው የለምና እኔም በጉጉት ነበር የወረድሁት። እውነትም ጽዱ ናት። የፕላስቲክ ከረጢት ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል አላየሁም። ወር በገባ በመጨረሻው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አምስት ሰዓት ሕዝቡ ለኡሙጋንዳ ይወጣል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ባለሥልጣኑም ጎረቤቱም አካፋ ይይዛል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እስከ 5000 ፍራንክ ሊቀጣ ይችላል። ከሥራው በኋላ ደግሞ ተቀምጠው ስለ ሰፈራቸው ይመክራሉ። ይህ የመጨረሻው ነው እኔን ያስቀናኝ፤ አካፋው ሳይሆን መቀመጡ። ባለ ቱቦውና ባለ ጉሊቷ አንድ ሣር ላይ ሲቀመጡ ታየኝ።

ግን ደግሞ የሰማሁትን መደበቅ አይገባኝም። በዚያችው ከተማ ጊኮንዶ በሚባል ሥፍራ የጎዳና ነጋዴዎች፣ ለማኞችና የጎዳና ልጆች ከመንገድ እየታፈሱ ያለ ክስ ይያዙ እንደነበር ሂዩማን ራይትስ ዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፏል። ያንን ሳነብ ፒክአፑ ትዝ አለኝ። ጽዳት ሲባል ምን እንደሚጠረግ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለመጥረጊያ ሁሉም አንድ ነው፣ ቅጠሉም ባለቅጠሏም።

እትዬን እስከ ጥር ድረስ አላየኋትም ነበር፤ ወደ ኋላ መመለሴ ነው፤ የ2009 ዓ.ም. ጥር ማለቴ ነው። አንድ ቀን ድልድዩ አጠገብ፣ ባዶ ሃይላንድ የሚሰበስቡ ቆራሌዎች በሚያርፉበት ጥግ፣ አንዲት ትንሽ ሳፋ ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ሦስት መደብ ሽንኩርት ብቻ ነበራት። ምን እንደምል ሳልዘጋጅ አጠገቧ ቆምሁ።

«እትዬ፣ ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ያ ሽታ ተወዎት?»

ደነገጥሁ። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ መሆኔን፣ ቱቦውም የእኔ መሆኑን ልነግራት ስጀምር በእጇ ከለከለችኝ።

«እኔማ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ስንት ዓመት ከላዩ ተቀምጬ! በአሸዋ አፈንሁት፣ ድንጋይ ጫንሁበት፤ ክረምት ሲሆን አልችል ይለኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ በሰው አጥር ሥር ተቀምጬ እየነገድሁ፣ ባለ ቤቱን ቤትዎ ይሸታል እለዋለሁ?»

የሽንኩርቷን ዋጋ ልከፍላት ብር አወጣሁ። የሁለት ጆንያውን ብዬ ቆጥሬ ሰጠኋት። የሦስት መደብ ዋጋ ብቻ ለይታ ወስዳ ቀሪውን መለሰችልኝ፤ ሽንኩርቱን ሁሉ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና ሳፋዋን ይዛ ሄደች።

በተከታዩ እሑድ እድር ነበረን። የስም ጥሪው እንዳለቀ እጄን አውጥቼ ስለ ቱቦዬ ለአባላቱ ተናገርሁ። ለረጅም ጊዜ ማንም ቃል አልተነፈሰም። በማመልከቻው ላይ ከፈረሙት አሥራ አንድ ሰዎች ስምንቱ እዚያው ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል መሬት መሬት የሚያዩት ስንት እንደሆኑ ሳይ ነገሩ ገባኝ። የእድራችን ዳኛ ብልህ ሰው ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ፣ «እንግዲያው ከቡና በኋላ ቦዩን አብረን ወርደን ብናየውስ?» አሉ። ወረድን። ከላይኛው መታጠፊያ እስከ ድልድዩ ድረስ ከአጥር ሥር የሚወጡ ሰባት ቱቦዎች ቆጠርን፤ የእኔው ስምንተኛ በሆነ ነበር። ስም አልተጠራም። ነገር ግን እድሩ ለመምጠጫ መኪና በጋራ ወረፋ እንዲይዝ፣ ለማይችል ቤትም ከሣጥኑ ብድር እንዲሰጥ ተወሰነ። ቀብር የቀረን ሰው የሚቀጣ እድር ቱቦ ያልደፈነን ሰው ይቅጣ አይቅጣ በሚለው ላይ ግን ሦስት ወር ተከራክረን አልተስማማንም። አሁንም አልተስማማንም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ብዙ የከተማው መንገድና የወንዝ ዳር ታድሷል፤ ንጣፉ አምሯል፣ መብራቱም ደምቋል። በንጣፉ መራመድ ደስ ይለኛል፤ ከሥሩ የሚያልፈውን ግን ማሰብ አልተውሁም። ድልድዩ አጠገብ ይሸጡ የነበሩትም ሴቶች ተነሥተዋል፤ እትዬ ወዴት እንደሄደች ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከሰባቱ ቱቦዎች አምስቱ ተደፍነዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ዶፉ ሲያይል እንቅልፍ እምቢ አለኝና ጃንጥላና ባትሪ ይዤ ወጣሁ። የቀሩት ሁለቱ ይፈሱ ነበር። አንደኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛውን ግን አውቀዋለሁ፤ በማመልከቻዬ ላይ ከእኔ ቀጥሎ የፈረመ ወዳጄ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ በሩ አጠገብ ቆምሁ፤ ለማንኳኳት ግን ሰዓቱ መሽቶ ነበርና ጠዋት ልመለስ ብዬ ሄድሁ።